ዕጩውን ስንሰማ ምን እንጠይቅ?
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጉባኤ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ፣ ለቀበሌና ለወረዳ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስለ አካባቢያችን ጉዳዮች የሚይዘውን አቋም እንዴት እንደምንመረምር ነው። ርእሱ ከቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየገጠሩ የምንሠራቸው የውኃ፣ የጤና፣ የደን እንክብካቤና የኑሮ ማሻሻያ ሥራዎች ሁሉ አንድ ቀን ከእኛ እጅ ወጥተው በነዋሪውና በወረዳው እጅ ይገባሉ። ፕሮጀክት የጊዜ ገደብ አለው፤ ውኃው ግን ከፕሮጀክቱ በኋላም መፍሰስ አለበት። ስለዚህ በምክር ቤቱ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቅ ለእኛ ትርፍ ጉዳይ አይደለም።

የአካባቢ ምርጫ በአገራችን በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባው የነበረው ግን እንዲራዘም ተደርጓል። በ2005 ዓ.ም. ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ ትዳር ይዘዋል፣ ልጆች ወልደዋል። የቀበሌ ዕጩን ፊት ለፊት አግኝተው የመጠየቅ ልምድ ግን የላቸውም። ልምዱ ያላቸው ታላላቆች ሊያስተምሯቸው ይገባል፤ ይህም አስቀድሞ የሚሠራ እንጂ በምርጫ ዋዜማ የሚደረስበት ሥራ አይደለም።

በመጀመሪያ ድንበራችንን እንወቅ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የዜጎችን የመምረጥና የመመረጥ መብት፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ኅብረተሰቡን በሚመለከቱ የልማት ጉዳዮች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብትን ያረጋግጣል። እነዚህ ድንጋጌዎች እርስ በርሳቸው አይጋጩም። ዐውደ ምሕረቱ የማንም ዕጩ መቀስቀሻ አይሆንም፤ በዐውደ ምሕረቱ ሥር የቆመው ምእመን ግን ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሙሉ መብት ያለው ነዋሪ ነው። ሰበካ ጉባኤው ለማንም ድጋፍ አይሰጥም፤ አባላቱ የሚጠይቁትን የሚያውቁ ነዋሪዎች እንዲሆኑ ግን ሊያዘጋጃቸው ይችላል።

እንግዲህ አንድ ዕጩ በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ ስለ አራት ጉዳዮች አቋሙን ቢነግረን ምን እንጠይቀዋለን? አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው ውኃ ነው። ዕጩው «ለእያንዳንዱ ጎጥ ንጹሕ ውኃ አስገባለሁ» ይላል። መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ መቆፈር የሚታይ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ቃል ይገባበታል፤ የቆመውን መጠገን ግን ስለማይታይ ማንም አያነሣውም። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ ነበር። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዚህ ልክ በቀን 125 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ6 በላይ ያስፈልገዋል። እናቶቻችን በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚያመጡና ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ ያውቃሉና፣ ልኬቱን ከእነርሱ ሰብስበን እንቅረብ።

በየቦታው ደጋግመን እንደምናየው፣ የእጅ ፓምፕ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ደርቆ ሳይሆን በጎማ የተሠራች ትንሽ ክፍሉ አልቃ ነው። ዕቃዋ ውድ አይደለችም፤ ነገር ግን በአቅራቢያ አትገኝም፤ የውኃ ኮሚቴውም ከተጠቃሚው የሰበሰበው ገንዘብ ተቀማጭ አልሆነለትም። በዚህ መካከል እናቶች ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ ለዕጩው የምናቀርበው ጥያቄ «ስንት አዲስ ጉድጓድ ታስቆፍራለህ?» የሚል ብቻ አይሁን። «መለዋወጫው በወረዳው ከተማ እንዲገኝ ምን ታደርጋለህ? የወረዳው ባለሙያ በስንት ቀን ይደርስልናል? የውኃ ኮሚቴው ሒሳብ በየስንት ጊዜ ለነዋሪው ይነበባል?» ብለን እንጠይቀው።

ሁለተኛው የጤና መድን ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ደርሷል። መክፈል ለማይችሉ ወገኖች መዋጮው ከመንግሥት በጀት ይሸፈናል፤ እነርሱን የመለየቱ ሥራ የሚጀመረው ግን በቀበሌ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ስም መጻፍና መሰረዝ የአንዲት አሮጊት ሕይወት ነው። ዕጩው «ድሆችን እረዳለሁ» ቢል፣ «ዝርዝሩ በማን ፊት ይዘጋጃል? በአደባባይ ይነበባል ወይ? ስሙ የቀረበት ሰው ለማን ያመለክታል?» ማለት ይገባናል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ የሰባቱ ዲያቆናት ምርጫ የተነሣው በዕለታዊው የምግብ እደላ አንዳንድ መበለቶች ችላ ተብለዋል በሚል አቤቱታ ነው። ሐዋርያት አቤቱታውን አላፈኑትም፤ ምእመናኑም በመካከላቸው መልካም ምስክርነት ያላቸውን ሰዎች እንዲመርጡ አደረጉ። የዲቁና ማዕረግ ተሸክመን ስንቆም፣ የእደላ ፍትሕ ጥያቄ ከአገልግሎታችን ሥር የተተከለ መሆኑን እናስባለን።

ሦስተኛው መሬትና ደን ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ፈተናው ከሁሉ የሚበልጠው በዚህ ነውና። ዕጩው «የቤተ ክርስቲያኑን ደን አስከብራለሁ፤ ይዞታውንም አሰፋለሁ» ሊል ይችላል። ደኑን ማስከበር የተፈተነ መንገድ አለው። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከገበሬዎች ጋር በመሆን በአብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለተለቀመ ገበሬው ለማረስ የተመቸ መሬት አገኘ፤ ካቡ ከብት ስለከለከለ ደግሞ በደኑ ውስጥ ችግኝ ማደግ ቻለ። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ።

ይዞታን ማስፋት ግን ሌላ ነገር ነው። የሚሰፋው ወደ ማን መሬት ነው? የወል ግጦሹ ከሆነ፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት የት ታሰማራለች? መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ለዚያው ቦታ ጥያቄ አቅርበው እንደሆነስ? ሌላ እምነት ያላቸው ጎረቤቶቻችን በዚያ ግጦሽ መብት የላቸውምን? ለቤተ ክርስቲያናችን የሚጠቅም የመሰለን ሐሳብ ሁሉ ለአካባቢው ይጠቅማል ብለን አንቸኩል። ጎረቤትን አስከፍቶ የተገኘ ይዞታ ለልጆቻችን የሚያወርሰው ክርክርን ነው። ዕጩውን «ከአጎራባቾቹ ጋር ተማክረሃል? የይዞታ ማረጋገጫ ያለንበትን ድንበር ከማስከበር ሌላ ማንን የሚነካ ነገር አለው?» ብለን እንጠይቀው። ጥያቄውን ከእኛ በቀር የሚያነሣው ላይኖር ይችላል፤ ተጠቃሚዎቹ እኛ ነንና።

አራተኛው በጀት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ከክልላቸው የሚደርሳቸውን ጥቅል በጀት በምክር ቤታቸው ያጸድቃሉ። ከዚህ በጀት የሚበዛው ለደመወዝ ስለሚውል ለጥገናና ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን መሆኑን የሚያውቅ ነዋሪ፣ ጥያቄውን ከሐምሌ በፊት ያቀርባል። ሁሉን እሠራለሁ ከሚል ዕጩ ይልቅ «ይህን አስቀድማለሁ፤ ያኛው ይቆያል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚለውን በጥሞና እንስማው። ቅደም ተከተል የሌለው ቃል ኪዳን ምኞት ነው።

አሁን ዝም ብለን ልናልፈው የማንችለውን ነገር እናንሣ። በምርጫ ሰሞን ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቆርቆሮ ያመጣል፣ ሲሚንቶ ያመጣል፤ የጀመርነው ሕንፃ ጣራ አጥቶ ክረምቱን በዝናብ እየተመታ ሳለ ይህን መመለስ ከባድ ነው። በምላሹም «አባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ቃል ተናገሩልኝ» ይላል። ካህኑ ያንን ሁለት ቃል ከተናገረ፣ ሌላውን ዕጩ የሚደግፈው ምእመን በማግስቱ ለንስሐ ወደ እርሱ ለመቅረብ ያመነታል። ዕጩው ቢሸነፍ ሰበካው ከአሸናፊው ጋር ተቀያይሞ ይቀራል፤ ቢያሸንፍ ደግሞ ፓምፑ ቆሞ ሲቀር የሚጠይቀው ሰው አይኖርም፤ አፋችን በቆርቆሮ ተዘግቷልና። ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው፦ በቅስቀሳ ወቅት ከዕጩ የሚመጣን ስጦታ ሰበካ ጉባኤው በአክብሮት ያቆየው፤ ሰጪው ምርጫው ካለፈ በኋላም ፈቃዱ ያው ከሆነ፣ በደረሰኝ ይቀበለው። ከልቡ የሰጠ ሰው ሁለት ወር መጠበቅ አይከብደውም።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አንድ ላይ የያዘ ነው። ወጣቶቹ ጥያቄዎቹን ይጻፉ፤ እናቶች የውኃውንና የጤናውን መረጃ ይስጡ፤ ካህናት ደግሞ ከየትኛውም ወገን ሳይቆሙ ሰላሙን ይጠብቁ። ጥያቄው ሲቀርብ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይሁን፤ በሰበካ ጉባኤው ስምም አይሁን። እድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አቅፎ እንደሚቀብርና እንደሚያስተዛዝን፣ የጋራ ጥያቄያችንንም በጋራ ማንሣት ይችላል። ለሁሉም ዕጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሳቸውም በስማቸው ሥር በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የተናገሩትን በጽሑፍ ሲሰሙ አንዳንዶች ያርሙታል፤ ያም ትልቅ ጥቅም ነው።

ያ መዝገብ ከምርጫው በኋላም አይዘጋ። የአሸናፊው ቃል ያለበት ገጽ በየስድስት ወሩ ይከፈት። የተፈጸመው ይመስገን፤ ያልተፈጸመው ይጠየቅ። ተመራጩን በአክብሮት ጠርቶ መጠየቅ ጠላትነት አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት ማንኛውም ኃላፊ ወይም የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነውና። የተሸነፉትም መልካም ሐሳብ ከነበራቸው ከመዝገቡ ላይ ለአሸናፊው እናስተላልፍለት፤ ሐሳብ ከሰውየው ጋር አይሸነፍም።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እናቶችና እኅቶች፤ ወደየሰበካችሁ ስትመለሱ አንድ ደብተር ገዝታችሁ የመጀመሪያውን ገጽ በውኃ ጥያቄ ጀምሩ። የትኛው ፓምፕ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ፣ የትኛዋ እናት ምን ያህል መንገድ እንደምትሄድ ጻፉ። ዕጩው ሲመጣ ዝግጁ ሆናችሁ ያገኛችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።