መሬት ከመግዛታችን በፊት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጥቂት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው በዌስት ቨርጂንያ ገጠር መሬት ለመግዛት፣ ጎመንና ድንች እየተከሉ ዶሮ እያረቡ ለመኖር፣ ለክፉ ቀንም መጠጊያ ለማድረግ ማሰባቸውን ባለፈው ስብሰባ ነግረውናል። «አይታችሁ ኑ» ተብለን የተላክነው ሦስት ሰዎች ያየነውን እነሆ እናቀርባለን።

ቦታው ያምራል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እኛንም ልባችንን ወስዶት ነበር፣ ምን እንደብቃለን! ዳሩ ግን የካውንቲ ደኅንነት በመልኩ አይታወቅም። በሰሜን ካሮላይና ያለው በንኮም ካውንቲ፣ አሽቪል ከተማ የምትገኝበት፣ ተራራማና ከባሕር የራቀ ስለሆነ ብዙ ሰው ከአየር ለውጥ መሸሸጊያ ይለው ነበር። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ መስቀልን ስናከብር፣ የሄሊን ማዕበል ደረሰበት። ጎርፉ ዋና ዋናዎቹን የከተማውን የውሃ ቧንቧዎች ጠርጎ ወሰደ። የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ የተመለሰው ኅዳር 9 ቀን ነው፣ 53 ቀን ያህል መሆኑ ነው። ወደ ቴነሲ የሚያሻግረው 40 ቁጥር አውራ ጎዳናም በወንዙ ሸለቆ በኩል ተንዶ እስከ የካቲት ተዘግቶ ቆየ።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅነው ውሃን ነው። ሻጩ «የራሳችሁ ጉድጓድ አላችሁ» አለን። እውነት ነው፣ ግን ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። የግል ጉድጓድን ንጽሕና ደግሞ የፌዴራል መንግሥት አይቆጣጠርም፣ ማስመርመር የባለቤቱ ፈንታ ነው። የጎርፉን ካርታ ስናይ ጅረቱ አጠገብ ያለው ለም መሬት በሙሉ አደጋ ክልል ውስጥ ገብቷል። ተራ የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይከፍልም። የባሰው ግን ወረቀቱ ላይ ተገኘ፤ ከመሬቱ በታች ያለው ከሰልና ጋዝ የሌላ ሰው ነው! በዚያ አገር ይህ የተለመደ ነው አሉን። እኛ ግን ለመልመድ አልቻልንም።

ከዚያ ሰዓታችንን ይዘን ከመሬቱ በር ተነሥተን ሆስፒታል ድረስ ነዳን። በደረቅ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ 55 ደቂቃ ፈጀብን። ከገዢዎቹ መካከል በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ አባት አሉ። ሌላዋ እናታችን የስኳር መድኃኒታቸው ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በረዶ ሲወርድስ? መንገድ ሲቆረጥስ? ይህን ስናነሣ እኒያ አባት ዝም አሉ፣ ልጃቸው ግን አለቀሰች።

አንድ ደስ ያለን ነገር አለ። የእሳት አደጋ ጣቢያው ሠራተኞች ደመወዝ የላቸውም፣ የሰፈሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩት ነው። «ኑና አብራችሁን ሥሩ፣ እናሠለጥናችኋለን» አሉን። ይኼማ ዕድር ነው ብለን ሳቅን።

የእኛ ፍርድ ይህኛው መሬት ይቅር ነው። ከሆስፒታል ግማሽ ሰዓት የማይርቅ፣ ከጅረት ከፍ ያለ፣ የከርሰ ምድሩም መብት አብሮ የሚሸጥ ቦታ እንፈልግ። እስከዚያው ቀብድ ያልከፈላችሁ አትክፈሉ። የከፈላችሁም ውሉን ይዛችሁ እሑድ ከስብሰባው በኋላ አግኙን።