ቀስ በቀስ ሶሻሊዝምና የመንግሥት ስፋት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መንግሥት በአንድ አገር ኢኮኖሚ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ ሊይዝ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሣ፥ ተነሥቶም እልባት ሳያገኝ የሚያድር ክርክር ነው። አንዱ ወገን መንግሥት በሰፋ ቁጥር የሰው ነፃነት ይጠባል ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ መንግሥት እጁን በሰበሰበ ቁጥር ድኻው ጠባቂ ያጣል ሲል ይመልሳል። ነገር ግን ሁለቱም «ስፋት» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ አስቀድመው ስለማይስማሙ፥ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስለተለያየ ነገር ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ቃሉን በየክፍሉ ለይቶ መመርመርና፥ ሶሻሊዝምን በአዋጅ ሳይሆን በምርጫና በሕግ ቀስ በቀስ ለማምጣት ለረዥም ዘመን የሞከረችውን የስዊድንን ታሪክ ለዚሁ ምስክር አድርጎ ማቅረብ ነው።

የክርክሩ ሥር ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የፌቢያን ማኅበር ስያሜውን የወሰደው ከሮማዊው የጦር አዛዥ ከፋቢዩስ ነው። ይህ አዛዥ ሐኒባልን ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ጊዜ እየወሰደ በማድከም የታወቀ ነበር። በዚያው ከተማ በስደት ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ በርንሽታይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ካፒታሊዝም እንደተተነበየው በራሱ ለመፍረስ እንዳልተቃረበ፥ የሠራተኛውም ኑሮ በሠራተኛ ማኅበራትና በምክር ቤት ትግል ደረጃ በደረጃ ሊሻሻል እንደሚችል አስረዳ። ሮዛ ሉክሰምቡርግ ይህን አጥብቃ ተቃወመች። በእርሷ አመለካከት ጥገናዊ ለውጥ ወደ ሶሻሊዝም የሚያደርስ ዝግተኛ መንገድ ሳይሆን መድረሻው ራሱ የተለየ መንገድ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ብሂል የበርንሽታይንን ሐሳብ በአጭሩ ይገልጸዋል፤ የሉክሰምቡርግ ጥያቄ ግን ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ምንድን ነው የሚል ነበር። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ1903 በድሬስደን ጉባኤያቸው የበርንሽታይንን አመለካከት አወገዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በባድ ጎደስበርግ ባጸደቁት ፕሮግራም ግን በአብዛኛው ወደ እርሱ ሐሳብ ተመለሱ።

ጀርመኖች በጽሑፍ የተሟገቱበትን ጉዳይ ስዊድኖች በሥራ ሞከሩት። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች ከእ.ኤ.አ. 1932 እስከ 1976፥ በ1936 ከነበረው የጥቂት ወራት ክፍተት በቀር፥ ለ44 ዓመታት መንግሥት መሥርተዋል። የመንገዳቸው መሠረት ከሆኑት ሐሳቦች አንዱን ኒልስ ካርሌቢ እ.ኤ.አ. በ1926 አቅርቦት ነበር። እንደ ካርሌቢ አባባል ባለቤትነት የማይከፈል አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ መብቶች ጥምር ነው፤ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት፥ ደመወዝ የመወሰን፥ ትርፍን የመውሰድ፥ ለልጅ የማውረስ መብት ሁሉ በየራሱ ሊለይ ይችላል። እንግዲህ ፋብሪካውን ከነሙሉው መውረስ አያስፈልግም፤ ከእነዚህ መብቶች አንዱን ዛሬ፥ ሌላውን ነገ በሕግ ወይም በስምምነት ለሕዝብ ውሳኔ ማስገዛት ይቻላል፤ የባለቤትነቱ ማስረጃ ግን በባለሀብቱ እጅ ይቆያል።

አፈጻጸሙም ይህንኑ ሐሳብ የተከተለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የአሠሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት በሳልትሾባደን ተስማምተው የደመወዝን ጉዳይ ያለ መንግሥት ጣልቃ ገብነት በመካከላቸው ለመጨረስ ሥርዓት አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩ ኢኮኖሚስቶች የነበሩት ዮስታ ሬንና ሩዶልፍ ማይድነር አዲስ ዕቅድ አቀረቡ። በዚህ ዕቅድ መሠረት ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ በየድርጅቱ ሁሉ ይከፈላል፤ ይህን መክፈል ያቃተው ደካማ ድርጅት ይዘጋል፤ ሥራውን ያጣው ሠራተኛ ግን በመንግሥት ወጪ ሠልጥኖና መዛወሪያ ተሰጥቶት ወደ ጠንካራው ድርጅት ይሄዳል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ይህ መንግሥት የከሰረ ፋብሪካን በእጁ ይዞ የሚያስታምም አልነበረም፤ ፋብሪካው እንዲሞት ፈቅዶ ሠራተኛውን የሚያድን ነበር። በዚህም የተነሣ በዚያ ሁሉ የሶሻል ዴሞክራቶች ዘመን ከኢንዱስትሪው አብላጫው በግል ባለሀብቶች እጅ ቆየ። በአንጻሩ የመርከብ መሥሪያዎችንና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን በብዛት ወደ መንግሥት ያዛወረው እ.ኤ.አ. ከ1976 በኋላ ሥልጣን የያዘው የቀኝና የመሐል ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት ነበር፤ ይህንንም ያደረገው በሶሻሊዝም አምኖ ሳይሆን ኪሣራው አስገድዶት ነው።

የመንግሥት ወጪ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የስዊድን ግብር ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት አምስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ የመንግሥት ወጪ ወደ 30 በመቶ ተጠጋ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ60 በመቶ በላይ ደረሰ። ይህ ገንዘብ የሚበዛው የዋለው ለጦር ሠራዊት ወይም ለፋብሪካ ሳይሆን ለጡረታ፥ ለሐኪም ቤት፥ ለትምህርት ቤትና ለሕፃናት መዋያ ነበር፤ አገልግሎቱንም በብዛት የሚሰጡት የአካባቢ ምክር ቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ባልና ሚስት በየግላቸው ግብር እንዲከፍሉ ሲደነገግና የሕፃናት መዋያዎች ሲስፋፉ፥ ብዙ ሴቶች ከቤት ወጥተው ደመወዝተኛ ሆኑ። የስፋቱ ተቺዎች ስዊድን የበለጸገችው ግብሯ ዝቅተኛ በነበረበት ዘመን ነው፥ ከ1970ዎቹ ወዲህ እድገቷ ከሌሎች ወደ ኋላ ቀርቷል ይላሉ፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ደጋፊዎቹም ያን ብልጽግና የእያንዳንዱ ቤት ያደረገው ይኸው ወጪ ነው ሲሉ ይመልሳሉ፤ በዚህም ውስጥ እውነት አለ።

ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምረው የሁለት ሕጎች ዕጣ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የተጨማሪ ጡረታ ሕግ ሲሆን፥ በምክር ቤቱ ያለፈው 115 ለ114 በሆነ ድምፅ፥ ያውም ከተቃዋሚው የሊበራል ፓርቲ አንድ አባል በድምፀ ተዓቅቦ በመቅረቱ ነበር። በአንድ ድምፅ ብልጫ የተወለደ ሕግ ዕድሜው አጭር ይሆናል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር። ነገር ግን የቢሮ ሠራተኛውም የፋብሪካ ሠራተኛውም የራሱን ጡረታ በስሙ ተመዝግቦ ስላየው፥ ተቃዋሚዎቹ ሳይቀሩ ተቀብለውት ለአርባ ዓመታት ያህል ጸና። ሁለተኛው የሠራተኞች የአክሲዮን ፈንድ ነው። ማይድነር ያዘጋጀውና የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቀበለው ሐሳብ፥ ትልልቅ ድርጅቶች ከየዓመቱ ትርፋቸው 20 በመቶውን በአክሲዮን መልክ ለሠራተኞች የጋራ ፈንድ እንዲሰጡ፥ በዘመናትም ብዛት ባለቤትነቱ ወደ ሠራተኛው እንዲዛወር የሚጠይቅ ነበር። ይህ በእውነት ቀስ በቀስ የሚመጣ ሶሻሊዝም ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1983 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በስቶክሆልም አደባባይ ወጥቶ ተቃወመው። ሕጉ በዚያው ዓመት መጨረሻ እጅግ ተለዝቦ ወጣ፤ በ1991 ምርጫ ያሸነፈው የካርል ቢልት መንግሥት በ1992 አፈረሰው። ለፈንዱ ሲል አደባባይ የወጣ ሕዝብ አልታየም። ተራው ሠራተኛ ፈንዱን የማኅበሩ ሹማምንት ሀብት አድርጎ እንጂ የራሱ አድርጎ አላየውም ነበርና።

በዚያው ሰሞን አገሪቱ ከባድ ቀውስ ገጠማት። ምርት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 በተከታታይ ቀነሰ፤ ከ2 በመቶ በታች የነበረው ሥራ አጥነት ከ8 በመቶ በላይ ወጣ፤ የመንግሥት ወጪም ወደ 70 በመቶ ተጠጋ። ወጪውን በመቀነስ በኩል ትልቁን ሸክም የተሸከሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ ሥልጣን የተመለሱት ሶሻል ዴሞክራቶች ራሳቸው ነበሩ። የወጪ ጣሪያ ተወሰነ፤ የጡረታው ሥርዓትም በአምስት ፓርቲዎች ስምምነት ታደሰ። የወጪው ድርሻ ዛሬ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። በድምፅ የሰፋው መንግሥት በድምፅ ጠበበ፤ ጥይት አልተተኮሰም፥ ማንም አልታሰረም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት የመንግሥት ስፋት በአንድ መለኪያ የማይለካ መሆኑ ነው። መንግሥት የሚሰበስበውና የሚያወጣው አንድ፥ የሚይዘው ንብረት ሁለት፥ በደንብ የሚቆጣጠረው ሦስት ተብሎ መለየት አለበት። ስዊድን ብዙ ሰብስባ ጥቂት ያዘች። ሲንጋፖር በተቃራኒው ጥቂት ታወጣለች፥ ብዙ ግን ትይዛለች፤ አብዛኛው መሬት የመንግሥት ነው፥ አብዛኛውም ነዋሪ የሚኖረው የመንግሥት ድርጅት በሠራው ቤት ነው። ኢትዮጵያም በዚህ ሚዛን ስትታይ መልኳ ግልጽ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የታክስ ገቢዋ ከአገር ውስጥ ምርቷ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን፥ መሬቱ፥ ትልቁ ባንክና አየር መንገዱ ግን የመንግሥት ናቸው። ስለዚህ በአዲስ አበባ «መንግሥት በዝቷል» የሚል ሰውና በስቶክሆልም ይህንኑ የሚል ሰው አንድ ነገር አልተናገሩም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቀስታ ራሱ ነው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1967፥ ማለትም በ1960 ዓ.ም. ገደማ፥ በአርሲ ጭላሎ ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሲደግፉ የያዙት መንገድ ይኸው ዝግተኛ መንገድ ነበር፤ ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ ማቅረብ። ስንዴው አፈራ፤ ነገር ግን እርሻው አትራፊ ሲሆን ባለርስቱ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን አስነሣ። የጭሰኛውን መብት ለማስጠበቅ የተረቀቀው ሕግ በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ ቀረ። በስዊድን ዝግተኛውን መንገድ የተሸከመው የተደራጀ ሠራተኛና የድምፅ መብት ነበር፤ በጭላሎ ግን እርምጃውን ወደፊት የሚገፋ ድምፅ ለጭሰኛው አልነበረውም። ጥገናዊው ለውጥ በዘገየበት ስፍራ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መጣ።

የአዋጁም ዕጣ ከስዊድን ሁለት ሕጎች ጋር ሲነጻጸር ይመሳሰላል። ገበሬው በእጁ የገባውን ማሳ የራሱ አድርጎ ያዘው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ጭሰኝነትን ለመመለስ አልሞከረም። በላይ ትእዛዝ የተቋቋሙት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ገበሬው መውጣት ሲፈቀድለት በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብዛኞቹ ፈረሱ። እዚህም እዚያም የጸናው የሰፊው ሕዝብ ቤት የኔ ያለው ነው፤ የፈረሰውም በሕዝብ ስም ተይዞ ሕዝብ የኔ ሳይለው የቀረው ነው።

እንግዲህ ሉክሰምቡርግ የጠየቀችው ጥያቄ ግማሽ መልስ አግኝቷል። ዝግተኛው መንገድ ስዊድንን ወደ ሶሻሊዝም አላደረሳትም፤ በዚህ ረገድ ተቺዋ ልክ ነበረች። ያደረሳት ግን ሠራተኛው ሲታመም፥ ሲያረጅና ሥራ ሲያጣ የማይወድቅበት፥ ካልወደደውም በድምፁ ሊለውጠው ወደሚችል ሥርዓት ነው። በበጀት፥ በሒሳብና በዕቅድ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ስለ መንግሥት ስፋት ሲጠየቅ፥ ከመቶኛው አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። የሚሰፋው ወጪው ነው፥ ንብረቱ ነው ወይስ ቁጥጥሩ? ከፋዩ የከፈለበትን ነገር በቤቱ ያየዋልን? ያልወደደውስ ዕለት ያለ ደም ሊያስቀረው ይችላልን? ለእነዚህ መልስ የሌለው መንግሥት ቢሰፋም ቢጠብም ለሕዝቡ ባዕድ ሆኖ ይኖራል።