የራሳችንን ጽሑፍ በራሳችን መሣሪያ ስለ መጠበቅ

(በሾኔ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የምንናገረው ስለ አዲስና ስለ ውድ ዕቃ አይደለም። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚሠሩ፣ ዋጋ ስለማይከፈልባቸውና የተሠሩበት ጥበብ ለማንም ስለ ተገለጠ ፕሮግራሞች ነው። የምንናገርበትም ምክንያት አንድ ነው፤ ይኸውም የትምህርት ቤታችን መዝገብ፣ ፈተናና የተማሪዎች ጽሑፍ ከእጃችን እንዳይወጣ ነው።

ትምህርት ቤት ማለት ግንቡና ወንበሩ ብቻ አይደለም። ከዚህ ተምሮ የወጣ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ማስረጃውን ሲጠይቅ የሚገኝለት ወረቀትም ጭምር ነው። ወረቀትን ምስጥና እርጥበት ያጠፉታል። በኮምፒዩተር የተጻፈውንስ ምን ያጠፋዋል የሚል ቢኖር፣ የፊደላችን ታሪክ መልሱን ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያገለግሉ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ተሠርተው ነበር። የሠሩዋቸው ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ስለ ሆነና እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ጽሑፉ ሳይጠፋ አንባቢ አጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዐት በሦስተኛው እትሙ ከ300 ለሚበልጡ የግዕዝ ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥርዐት በሾኔ የተጻፈ «ሀ» በቶኪዮም ያው «ሀ» ሆኖ ይነበባል። ከዚህ የምንማረው፣ ደንቡ ለሁሉ የተገለጠ ጽሑፍ ዕድሜው ረዥም መሆኑን ነው።

ይህ ሐሳብ ለፊደል ብቻ ሳይሆን ለፕሮግራምም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ጉኑ የተባለ ሥራ እንደሚጀምር አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር መሠረት ለሕዝብ አቀረበ። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደ ደቦ ተባብረው አሳደጉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። መጀመሪያው የትእዛዝ መስመር ነው። ይህ ማለት በሥዕልና በምልክት ላይ ከመጫን ይልቅ ለኮምፒዩተሩ በጽሑፍ ማዘዝ ነው። ላልለመደው ሰው ያስፈራ ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ኀይል ስለማይፈልግ ሌላው ሰው በጣለው ኮምፒዩተር ላይ እንኳ በፍጥነት ይሠራል። ለምሳሌ ግሬፕ የተባለው ትእዛዝ በብዙ ፋይል ውስጥ አንድ ቃል ፈልጎ ያወጣል። በእኛ መዝገብ «ኃይሌ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሦስተኛው በ«ሐ» ይጽፈዋል። በተራ ፍለጋ የሚገኘው በአንደኛው የተጻፈው ብቻ ነው። በግሬፕ ግን [ሀሃሐሓኀኃ]ይሌ ብለን ስናዝ፣ በማዕዘን ቅንፉ ካሉት ፊደሎች በማናቸውም የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቀርብልናል። ማስረጃውን ፈልጎ ከሩቅ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሰነድን የሚመለከት ነው። ቴሰራክት የተባለው ፕሮግራም የታተመን ገጽ ምስል አንብቦ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ምንጩ ለሕዝብ ተከፈተ። አማርኛንም ያነባል። የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ደካማ ስለ ሆነና በታተመውም ላይ «ሰ»ን ከ«ስ» የሚያሳስትበት ጊዜ ስለማይጠፋ፣ ያወጣውን ሰው ማረም አለበት። ፓንዶክ የተባለውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ጆን ማክፋርሌን የተባለ የፍልስፍና መምህር አወጣው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ጽሑፍ ወደ መጽሐፍ፣ ወደ ድረ ገጽ ወይም ወደ ቢሮ ሰነድ ይለውጣል። ለዕለት ጽሕፈት ሊብረ ኦፊስ፣ ለፊደሉም መልክ አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ያለ ዋጋ ይገኛሉ።

ሦስተኛው በራስ ቤት ማኖር ነው። በሀዲያና በከምባታ እንሰት ተፍቆ ቆጮው በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። እመቤቲቱ ስትፈልግ ትከፍተዋለች፤ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም። ጽሑፋችንንም እንዲሁ በግቢያችን ማኖር እንችላለን። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበት ሰርቨር ቢሆን፣ ባትሪው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ቢጨመርበት፣ አንድ ጊዜ የወረደውን የአማርኛና የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ተማሪዎች በስልካቸው ያነቡታል። ሙድል የተባለው ደግሞ የመምህራንን ማስታወሻና መልመጃ ይይዛል።

ይህ የሕልም ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመራቂዎቹን የጥናት ጽሑፎች የሚያኖረው ዲስፔስ በተባለ ክፍት ፕሮግራም ነው። ጤና ሚኒስቴርም ከጤና ተቋማት የሚመጣውን ዘገባ የሚሰበስበው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚመራ፣ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በሚባል ክፍት ፕሮግራም ነው። ታላላቆቹ የተጠቀሙበት መሣሪያ ለእኛም በር አልዘጋም።

ነገር ግን ዋጋ የለውም ማለት ድካም የለውም ማለት አይደለም። በራስ ቤት የሚኖር ነገር ጠባቂ ይሻል። ዲስክ ይበላሻል፣ ይሰረቃል፤ ስለዚህ አርሲንክ በተባለው ትእዛዝ ቅጂው ዘወትር ወደ ሌላ ዲስክ መዛወር፣ አንዱም ቅጂ ከግቢው ውጭ መቀመጥ አለበት። የተማሪ ውጤትና የቤተ ሰብ ጉዳይም ለሁሉ የሚታይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን አደራ በሕግ አጽንቶታል። ፕሮግራሙ ክፍት ቢሆንም መዝገቡ የተቆለፈ ይሁን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። መምህራን ሆይ፣ ከተጣሉት ኮምፒዩተሮች አንዱን ስጡንና በፊታችሁ እንሥራበት። ወላጆች ሆይ፣ በየቤታችሁ ያሉትን የቀድሞ የትምህርት ቤታችንን ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ለአንድ ቀን አውሱን፤ ገልብጠን በክብር እንመልሳለን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ሥራ በየዓመቱ ከ12ኛ ክፍል ወደ 11ኛ ክፍል እናስተላልፍ፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ሥራ ያ ሰው ሲሄድ አብሮ ይሄዳልና።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽም። ሀዲይሳ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሊብረ ኦፊስ የፊደል ስሕተትን የሚያርመው በቃላት ዝርዝር ስለ ሆነ፣ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ቃላት በሥርዐት ጽፈን ብንሰጠው ለዚሁ ቋንቋም ያገለግላል። ለዚህ የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ሃምሳ ቃል የሚጽፍ ትጉህ ተማሪ ነው። ሥራው ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው።