የምስር ፍሬ የምታክለው ሙቀት ነጋሪ

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዓርብ እረፍት ተከልክላችሁ ያልመጣችሁም ይሄን ስታገኙ አንብቡት።

የማወራችሁ ስለ ቴርሚስተር ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ እኔም ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። ኤሲ ውስጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ትኩሳት በምንለካበት ባለ ባትሪ ቴርሞሜትር ጫፍ ላይ ያለች፣ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ሩዊም ሂዱ ሲብ፣ በአረብኛ «ሐሳስ» ብትሉ ይገባቸዋል።

ከማንጋኒዝ፣ ከኒኬልና ከመሳሰሉት ኦክሳይድ ተጋግራ ነው የምትሠራው። ሲበርዳት ኤሌክትሪክ በግድ ነው የምታሳልፈው፤ ሲሞቃት ትለቀዋለች። ቅቤን አስቡ፤ በብርድ ይረጋል፣ በሙቀት ይፈሳል። (የመዳብ ሽቦ ተቃራኒው ነው፤ ሲሞቅ ነው የሚያስቸግረው።) እንቢታዋ በኦም ይለካል። ብዙ ጊዜ የምትገኘው ዓይነት በ25 ዲግሪ 10,000 ኦም ናት፤ 40 ዲግሪ ላይ ወደ 5,000 ገደማ ትወርዳለች፣ ዜሮ ላይ ከ30,000 ታልፋለች። ኤሲው ራሱ ሙቀት አያውቅም። ይቺን እንቢታ እያየ ነው ሞተሩን የሚያስነሳው፣ የሚያቆመው።

ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው። ሐሳሷ ስታረጅ፣ እርጥበት ሲገባባት ወይም ሽቦዋ ሲላላ ትዋሻለች። እንቢታዋ ያለልክ ከጨመረ ኤሲው «ቤቱ ቀዝቅዟል» ብሎ ቶሎ ያቆማል፤ የመስቀጥ ሙቀት ውስጥ እናንተ ታልባላችሁ። ከቀነሰ ደግሞ ያለ እረፍት ይሠራል። ያኔ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ይመጣል። ስንቶቻችን ሰምተነዋል!

መጀመሪያ ግን ፊልተሩን እዩ። አቧራ ከሞላው ሐሳሷን አትውቀሱ፤ ኤሲውን አጥፍታችሁ ፊልተሩን እጠቡ፣ በደንብ ሲደርቅ መልሱት። ከዚያም ካልተስተካከለ፣ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ውስጡን አትነካኩ፤ ኤሌክትሪክ ነው። «ይምክን ሐሳስ ኸርባን» በሉ፤ ምናልባት ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆናል ማለት ነው። ቴክኒሻኑ በሜትር ለክቶ ያውቀዋል። ሲለካ አጠገቡ ሁኑና ምን እንዳገኘ ማዳም እየሰማች ጠይቁት።

ቴርሞሜትሩም ያው ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ሐሳስ ሰውነታችሁን ያህል እስክትሞቅ ጊዜ ትፈልጋለች። ድምፅ ሳያሰማ ከወጣ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥታችሁ ወዲያው ከምላስ ሥር ብታደርጉትም እንደዚያው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። «ትኩሳት የለሽም፣ ተነሺ» ሊሏችሁ ቸኩለው ቢያወጡት፣ «አንዴ ልድገመው» ብላችሁ አፋችሁን ገጥማችሁ ያዙት። 38 ወይም ከዚያ በላይ ካለ፣ ቁጥሩ ሳይጠፋ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።