ሁለተኛው መስመር ሲደበዝዝ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ የተደረገ ንግግር)



ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ አንድ የጤና ንግግር እንዲደረግ የሥራ አመራር ኮሚቴያችን በወሰነው መሠረት ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆኗል። እንደተለመደው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር በሽታ ይሆናል ብላችሁ የጠበቃችሁ ብዙ ናችሁ። እኔ ግን ከኖርኩበት ሙያ አንድ ነገር መርጫለሁ፤ ይኸውም ገና በወጉ ሳይታወቅ ስለሚጠፋ ጽንስና ስለ እርግዝና የሽንት ምርመራ ነው። ይህ በአደባባይ የሚነገር ነገር አይደለም የሚል አባት ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ዕድር የተቋቋመው ለኀዘን ነው፤ ድንኳን የማይተከልለት፣ ጥሩምባ የማይነፋለት ኀዘን ደግሞ በየአጥራችን ውስጥ አለ። ስለዚህ እዚህ ካልተነገረ የት ይነገራል?

አስቀድሜ ስለ ምርመራው ልናገር። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት በሽንት ውስጥ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ኤች ሲ ጂ የተባለው ሆርሞን ነው። ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት ወደፊት የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሕዋሳት ናቸው። ወደ እናቲቱ ደም በሚታወቅ መጠን የሚገባው ጽንሱ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር መጣበቅ ሲጀምር ነው፤ ይህም እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ6 እስከ 12 ባሉት ቀኖች፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ባሉት ይሆናል። እንግዲህ የወር አበባዋ ሳይቀር ቸኩላ የመረመረችን ሴት ወረቀቱ «የለም» ቢላት ገና አልደረሰም ማለቱም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ወረቀቶች መስመር የሚያሳዩት የሆርሞኑ ልክ 25 ሲደርስ ነው፤ ቁጥሩን ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጽንሱ በደህና ከቀጠለ ሆርሞኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ታዲያ ሁለተኛው መስመር ደብዘዝ ብሎ ሲወጣ ምን ማለት ነው? አንዷ ገና በመጀመሪያው ቀን ላይ ስለሆነች ነው። ሌላዋ ውኃ አብዝታ ጠጥታ ሽንቷ ስለቀጠነ ነው። አንዷ ደግሞ መመርመሪያውን መስኮት ላይ ጥላው ወጥታ ማታ ስትመለስ ያየችው፣ ሽንቱ ሲደርቅ የሚተወው ግራጫ ጭረት ነው፤ ይኸኛው ምንም ማለት አይደለም። ሲጀምር ተጀምሮ አሁን እያበቃ ያለ ጽንስም እንዲሁ ደብዛዛ መስመር ያሳያል። ከማኅፀን ውጪ የተቀመጠም እንዲሁ፤ ስለሱ በኋላ እመለስበታለሁ። በዓይን ብቻ አይቶ ይኼ የትኛው ነው ብሎ የሚለይ ሰው የለም፤ እኔም አልለይም። የሚሻለው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ በሚሸናው የመጀመሪያ ሽንት፣ ጊዜው ባላለፈበት አዲስ ወረቀት ደግሞ መመርመር ነው። ውጤቱም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ይነበብ። ሐኪም ቤት የሚቻል ከሆነ የደም ምርመራ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢደረግ ሆርሞኑ መውጣቱን ወይም መውረዱን በቁጥር ያሳያል። አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም።

እዚህ ላይ ለጨዋታ ያህል፦ በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በርሊን ውስጥ የሴቲቱን ሽንት የሚወጉት አይጥ ነበር። ቀጥሎም በ1930ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች እንቁራሪት ተተካች፤ ሽንት የተወጋችው እንቁራሪት በማግሥቱ እንቁላል ከጣለች ሴትዮዋ አርግዛለች ማለት ነው። በቤት ውስጥ የሚደረገው ምርመራ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እናቶቻችን ይህ ሁሉ አልነበራቸውም። የወር አበባቸው ዘግይቶ በረታ ብሎ ሲመጣ «ዘንድሮስ ዘገየብኝ፣ በረታብኝም» ብለው ያልፉት ነበር።

ከነዚያ የዘገዩት ውስጥ ጽንስ የነበረባቸው አሉ። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ለመውለድ የሚፈልጉ 221 ጤነኛ ሴቶች ሽንታቸውን በየቀኑ እያስቀመጡ ተመርምሮ ውጤቱ በ1988 ታትሟል። ከተገኙት 198 እርግዝናዎች ውስጥ ከመቶ 22ቱ የጠፉት በተለመደው መንገድ እርግዝና መሆኑ ሳይታወቅ ነው። ከዚያ በኋላ የጨነገፉት ሲጨመሩ ከመቶ 31 ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ማለት ይቻላል! ደግሞም ሳይታወቅ ከጠፋባቸው ሴቶች ውስጥ ከመቶ 95ቱ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በግልጽ አርግዘዋል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ቤታችሁ ላለች ልጅ ንገሯት።

ምክንያቱስ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጠፉት ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጡት የክሮሞዞም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። የእናትና የአባት ዘር ሲገናኝ፣ ሕዋሱም ሲከፈል፣ አንዱ ይጨምራል ወይም ይጎድላል፤ እንዲህ የሆነ ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ አይዘልቅም። የእናቲቱ ዕድሜ በገፋ ቁጥር፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ፣ ይህ ይበዛል። የውኃ ጀሪካን ስላነሳች አይደለም። ታክሲ ስላንገጫገጫት፣ ከባሏ ጋር ስለተጫወተች፣ ያማራትን ሳትበላ ስለቀረች፣ ምች ስለመታት ወይም ዓይን ስለበላት አይደለም። ምንም የሚጎዳ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ወባ፣ ያልታከመ ቂጥኝ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ሲጋራና መጠጥ ጽንስን ይጎዳሉ። ሾተላይ የምንለውም ቢሆን በአመዛኙ የደም ዓይነት አለመስማማት ሲሆን የሚጎዳውም በኋለኛው እርግዝና የዳበረውን ልጅ ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት ለጠፋው መልስ አይሆንም። የደም ዓይነትን ማወቅ ግን ለማንኛዋም ሴት ይጠቅማል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አማርኛችን «አስወረዳት» እና «አስወረደች» ይላል። ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ሕመም ነው፣ ሁለተኛው ክስ ነው። በሕክምና ካርድ ላይ ደግሞ በራሱ የወረደውም ሆነ ታስቦ የተደረገው በእንግሊዝኛው አቦርሽን ተብሎ ይጻፋል፤ ከጎኑ «በራሱ የሆነ» የሚል ቃል ቢኖርበትም ቸኩሎ የሚያነብ አያየውም። ባል ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥቶ ሲያነብ፣ አማትም ስትሰማ፣ ቤት የፈረሰበት ጊዜ በሥራዬ ዘመን አጋጥሞኛል። ልጅቱ እያለቀሰች ስታስረዳ «ታዲያ እንዴት ተጻፈ?» ነው መልሱ። አባቶች፣ እንዲህ ያለ ካርድ እጃችሁ ከገባ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት የጻፈውን ባለሙያ ጠይቁ።

ሌላው የቀን አቆጣጠር ነው። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ሴቶቻችን «ከማርያም ማግሥት ነበር»፣ «ሚካኤል ዕለት» እያሉ ነው የሚያስታውሱት፤ መልካም ነው፣ 21ም 12ም ቀን ነው። ወራችን ሁሉ እኩል 30 ቀን መሆኑም ለቆጣሪ ይመቻል። ነገር ግን ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገሩ የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ይረሳል። በዚህ ጊዜ ላይ ጥቂት ቀን ትልቅ ነገር ነው። በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የጽንሱ ከረጢት የሚታየው በ5ኛው ሳምንት ገደማ፣ የልብ ምት በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ እንቁላሏ ዘግይቶ የወጣላት ሴት ደግሞ ከዚህም ትዘገያለች። በ2013 የወጣው የባለሙያዎች መመሪያ እንደሚለው ባዶ የሚታየው ከረጢት በአማካይ 25 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ፣ ወይም ምት የሌለው ጽንስ ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ፣ በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ «ሞቷል» ተብሎ አይፈረድም። ስለዚህ «ባዶ ነው፣ ይጠረግ» የተባለች ሴት ደም በብዛት የማይፈሳት፣ ሕመምም የሌላት ከሆነ «ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ይታይልኝ» ብትል ድፍረት አይደለም። በሁለተኛው ጊዜ ምት የተገኘላቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጠበቅ የማይገባበት ግን አለ። ከመቶ እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማኅፀን ውጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቱቦው ውስጥ ይቀመጣል። ቱቦው ሲቀደድ ደሙ የሚፈሰው ወደ ሆድ ውስጥ ነው፤ በውጭ የሚታየው ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጎን የጠና የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት፤ ከነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ነው። መስመሩ ደብዛዛ ስለነበረ ምንም የለም ብላችሁ አትተኙ። በተከታታይ ሁለት ሰዓት በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያረጥብ ደም፣ ትኩሳት፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለም እንደዚሁ። ለአስከሬን መኪና ፍለጋ ሌሊት የሚሮጥ ጎረቤት ለዚህችም ይሩጥላት።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ደንብ ልመለስ። ገንዘብ ይከፈል አላልኩም፤ ገንዘብ ያዡ አይደንግጡ። ድንኳንም ይተከል አላልኩም። ነገር ግን ከቀብር የቀረ፣ ከወጥ ቤት ተራም የቀረ በደንባችን ይቀጣል። አንዲት እኅታችን በዚያ ሳምንት ደም እየፈሰሳት ተኝታ ሳለ ምክንያቷን በሰው ፊት መናገር ስላልፈለገች ተቀጥታ ከፍላለች። ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የሴቶች ተጠሪያችን «ታማለች» ብላ ከመዘገበች ሌላ ማስረጃ ሳይጠየቅ ከቅጣት ነፃ ትሁን፤ ሕመሙም በመዝገቡ ላይ አይጻፍ። ኮሚቴው በቀጣዩ ስብሰባ እንዲያየው አሳስባለሁ።

ስለ መጠየቅም አንድ ነገር። ራሷ ከነገረቻችሁ ሂዱ፤ ካልነገረቻችሁ ሰምተናል ብላችሁ አትሂዱ። ሄዳችሁም «ገና ደም ነው እኮ»፣ «ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አትበሉ። ለናንተ ደም ነው፤ እሷ ግን ስም አውጥታለት ሊሆን ይችላል። ቡና አፍሉላት፣ ልጆቿን አንድ ከሰዓት ውሰዱላት። ባልየውንም «አይዞህ» በሉት፤ ለሱ ማን ጠየቀው?

ከንግግሩ በኋላ በወረቀት የተላኩ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛዋ ጠያቂ ደግሞ ለማርገዝ ምን ያህል ልጠብቅ ብላለች። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጠፋ ጽንስ ረጅም ወራት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደሙ ቆሞ ምርመራውም «የለም» ካለ፣ አንድ የወር አበባ ማየቱ የሚጠቅመው ለቀን አቆጣጠሩ ነው። እስከዚያ በየቀኑ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ መጀመር የልጁን አከርካሪና አንጎል ከጉድለት ለመጠበቅ ይረዳል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ከጠፋ ግን ባልና ሚስት ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ሁለተኛዋ ደሟ ከፈሰሰ ሳምንት ቢሆነውም ወረቀቱ አሁንም ሁለት መስመር እንደሚያሳይ ጽፋ፣ ጽንሱ ተርፎ ይሆን ስትል ጠይቃለች። እኅቴ፣ ሆርሞኑ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ጽንሱ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መስመር ሊያሳይ ይችላል። ተርፎም እንደሆነ ወረቀቱ አይነግርሽም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ፤ የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀንና የመረመርሽባቸውን ቀኖች በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ከ3 ሳምንት በኋላም መስመሩ ካልጠፋ ተመልሰሽ ሂጂ። የጎን ሕመም ከመጣ ግን ዛሬውኑ፣ ብቻሽን ሳትሆኚ ከሰው ጋር።