ጦብያ ወንድ ስትመስል
(በንፋስ ስልክ ላፍቶ በተደረገው የንባብ ጉባኤያችን የተሰማ ንግግር)



ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዛሬ «ጦብያ» የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምረን እናውቃለን። ባለፈው ሳምንት ያሟገተን ግን የጦብያ ልብስ ነው። ይኸውም ጦብያ የጠፋውን መንታ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትነሣ ወንድ መስላ መውጣቷ፣ አንዲት የቤተ መንግሥት ወጣትም ወንድ መስላት መውደዷ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ዘዳግም 22፥5ን ጠቅሶ ነቀፈ። ሌላው ስንክሳርን አነሣ፤ ወንድ መስላ በገዳም የኖረችው ቅድስት እንባ መሪና ትመሰገናለች እንጂ መቼ ተነቀፈች አለ። (መጽሐፍ በመጽሐፍ ሲመታ ማየት ደስ ይላል።) ሦስተኛው ልብሱ የመንገድ መሸሸጊያ ብቻ ነው፣ ልቧ የሴት ነው ቢል፣ ይህን በምን ዐወቅህ ተባለ። ደግሞስ ወደ ቀሚሷ ስትመለስ ደስ አላትን ወይስ ቅር አላት? በዚህ አልተስማማንም፤ ዛሬም አልተስማማንም።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የቆየች አንዲት እኅታችን ተነሣች። ማታ ከትምህርት ስትመለስ፣ ከታክሲ ወርዳ እስከ ቤቷ የወንድሟን ኮትና ቆብ እንደምታደርግ ነገረችን። «ኮቱን ስለብስ ማንም አይጠራኝም፤ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አለች።

ዘዳግምን የጠቀሰው ጓደኛችን መንገዱ የትኛው እንደ ሆነ ጠየቃት። ነገረችው። እኛ ወንዶቹ በየማታው እያፏጨን የምናልፍበት ነው።