ደማችን በመዝገብ ቢያዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



እኛ የኢሉባቡር ልጆች ዘር ሲጠበቅ ማየት ብርቃችን አይደለም። የያዮ ደን የዱር ቡናችን ዘር እንዳይጠፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ቡና ግን ፈቃዱን አይጠየቅም፤ ሰው ይጠየቃል። ልንናገር የመጣነው መንግሥታት ወንጀለኛ ለመያዝ ሲሉ የሰውን የዘር ምልክት፣ ማለት ዲ.ኤን.ኤ.ን፣ በመዝገብ ስለ ማኖራቸው ነው።

ይህን ጥበብ እንግሊዛዊው ሊቅ አሌክ ጄፍሪስ በ1984 እ.ኤ.አ. አገኙት። መጀመሪያ ለግድያ ምርመራ በዋለ ጊዜ ያላጠፋውን ጥፋት አጠፋሁ ብሎ የነበረውን ወጣት ነፃ አወጣ፤ ኋላም እውነተኛው ገዳይ ተያዘ። በአገራችንም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን አይሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ዘመዶቻቸው የሰጡት ናሙና ሟቾችን ለመለየት ረድቷል። ስለዚህ ጥበቡን የምንነቅፍ አይደለንም።

ነገር ግን እንግሊዝ በ1995 እ.ኤ.አ. መዝገቡን ካቋቋመች በኋላ፣ እየዋለ ሲያድር የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን በነፃ የተለቀቀውንም ይዛ ታኖር ጀመር። ከእነዚህ አንዱ በ11 ዓመቱ የተያዘ ልጅ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ይህ የግል ሕይወትን መድፈር ነው ብሎ ፈረደ።

በእኛ አገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በ34ኛው አንቀጽ መርማሪ ፖሊስ ተከሳሹን በሐኪም እንዲያስመረምር፣ ደሙም እንዲወሰድ ፈቀደ። ደሙ ከተመረመረ በኋላ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጣል ግን አንቀጹ አልተናገረም፤ በዚያ ዘመን ማን ሊያስበው? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሰውነታችን እንዲከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለ።

የጣት አሻራና ደም አንድ አይደሉም። ለፋይዳ ስንመዘገብ የሰጠነው አሻራ የየራሳችን ብቻ ነው። ደም ግን ወንድምን፣ እናትን፣ ጎሬ ያለውን የአጎት ልጅ ሳይቀር ይጠራል። እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር አንድ ሰው ተጠርጥሮ ምራቁን ቢሰጥ፣ ዘመዱ ሁሉ ሳይጠየቅ መዝገብ ገባ ማለት ነው። አባቱ ሌላ መሆኑን ከፖሊስ ጣቢያ የሚሰማ ልጅስ?

የእኛ አሳብ ናሙና በዳኛ ትእዛዝ ይወሰድ፣ በነፃ የተለቀቀ ሰው ናሙናው ይቃጠል፣ ሬሳ ለመለየት የተሰጠ የዘመድ ደምም ለክስ አይዋል ነው።

በክፍላችን በተከራከርንበት ቀን ግን አንዲት ባልንጀራችን ተነሥታ፣ «ናሙናው የተቃጠለለት ሰው ኋላ ሕፃን ቢደፍርና ሳይታወቅ ቢቀር፣ እናቲቱን ምን ትሏታላችሁ?» አለች። ደወል ተደወለ፤ መልስ አልሰጠናትም። ከወላጆቻችን መካከል መልስ ያለው ቢኖር፣ ከሻይ በኋላ በክፍላችን እንጠብቃለን።